አራተኛዋን ሰው ይያት

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ መንገድ ላይ ያገኘኝ ሁሉ «እንኳን ለዕረፍት አበቃሽ» ይለኛል። አሜን እላለሁ። ዕረፍቱስ ደግ ነው። ነገር ግን ቁጭ ብዬ ያሳለፍሁትን ሳስበው የዚያ ሁሉ ዓመት ሥራ ይደበዝዝና አንድ ረፋድ ብቻ ፊቴ ላይ ይገተራል። ከቡሬ ወዲያ፣ ወደ ነቀምት ከሚወስደው መንገድ ገባ ብሎ፣ ዝግባ የምንለው ኮረብታ ላይ፣ የሽቦ አጥር በሁለት እጃቸው ጨብጠው የቆሙ አንድ ሽማግሌ። ያን ቀን የደነገጥሁት ድንጋጤ ዛሬም ሰውነቴ ውስጥ አለ። ሳህን ሲወድቅ እንኳ ከሰው ቀድሜ እበረግጋለሁ።

ሥራ የጀመርሁት እዚሁ ፍኖተ ሰላም፣ ስልክ ቤት ነው። ያኔ ስልክ የሚገናኘው በእጅ ነበር። ትልቅ ሰሌዳ ፊት እንቀመጣለን፤ ማዳመጫ ጆሯችን ላይ እናደርጋለን፤ ከዚያ የገመዱን ጫፍ ከአንዱ ቀዳዳ ነቅሎ ሌላው ላይ መሰካት ነው። ቡሬ ያለውን ቡሬ፣ ደብረ ማርቆስ ያለውን ደብረ ማርቆስ። የሠርጉም የመርዶውም ወሬ በእኔ ጣት ነው ያለፈው። የሰማሁትን ሁሉ ባወራ ስንቱ ቤት ይፈርስ ነበር፤ አላወራሁም፣ አሁንም አላወራም። ደመወዙ ከወር ወር አይደርስም ነበር፤ ስለሱ ይኸው ይብቃኝ።

ሰሌዳው በአውቶማቲክ ሲተካ ግማሾቹ ጓደኞቼ መዝገብ ቤት ገቡ፣ ግማሾቹ ትዳር ይዘው ቀሩ። እኔ እልኸኛ ነኝ። የተነቀለው ሰሌዳው ነው እንጂ እኔ አይደለሁም ብዬ ኮርስ ወሰድሁ፣ ደግሞ ሌላ ወሰድሁ፤ ሽቦ መቀጠል፣ ሬዲዮ ማስተካከል፣ በኋላም ኮምፒውተር ለመድሁ። መጨረሻ ላይ የገጠር ጤና ጣቢያዎችንና ቢሮዎችን በሬዲዮ መረብ ወደሚያገናኝ መሥሪያ ቤት ተዛወርሁ። የብረት ማማ ላይ ስወጣ ገበሬው በሬውን አቁሞ ያየኝ ነበር። አንዲት እናት ከሥር ሆነው «ባሏ ምን ቢያደርጋት ነው እዚያ የወጣችው» እያሉ ሲያዝኑልኝ ሰምቻለሁ። ባሌ ያን ጊዜ እቤት ልጅ ይዞ ነበር።

ሥራውን በትክክል ያስተማሩኝ ጋሼ ቢያዝን የሚባሉ ዋና ቴክኒሻን ናቸው። የአዴት ሰው ናቸው፤ ቄስ ትምህርት ቤት አድገው ኋላ ኤሌክትሪክ የተማሩ፣ ቀጭን፣ ቁጡ ሰው። ደረት ኪሳቸው ውስጥ ሁልጊዜ ባትሪና የታጠፈች ብጣሽ ወረቀት አትጠፋም። ሁለት አመል ነበራቸው። አንደኛው፣ አንድ ዕቃ ካጠፉ በኋላ አቡነ ዘበሰማያትን ደግመው ሳይጨርሱ መልሰው አያበሩም። እኛ እንስቃለን።

«ሳቁ» ይሉናል። «ዕቃው ሆድ ውስጥ የቀረ ኤሌክትሪክ አለ። እሱ ሳይወጣ ብታበሩት ግማሹ ሞቶ ግማሹ ተነሥቶ ያስቸግራችኋል።»

«ሰዓት ማየት አይሻልም ጋሼ?» አልኋቸው አንድ ቀን።

«ሰዓት ስታዪ ትቸኩያለሽ። ጸሎት ጀምረሽ መሃል ላይ ግን አትቆርጪም» አሉኝ። እውነታቸውን ነው፤ ቆርጬ አላውቅም።

ሁለተኛው አመላቸው አንድ ጥያቄ ነበር። «ጋሼ፣ ጠፍቷል» ስትላቸው፣ «ማን አየው?» ይላሉ። «መብራቱ ጠፍቷል» ካልህ፣ «መብራቱን አልጠየቅሁህም» ብለው ያችን ብጣሽ ወረቀት ከኪሳቸው ያወጡና የዕቃው ማራገቢያ ፊት ይይዟታል። ወረቀቷ ከተርገበገበች ዕቃው ይተነፍሳል ማለት ነው። ዝም ካለች ያን ጊዜ ያምናሉ። በቀን ሃያ ጊዜ «ማን አየው?» ሲሉ ያንገሸግሸኝ ነበር። ጡረታ ወጥተው ወደ አዴት ሲሄዱና ወንበራቸው ለእኔ ሲሰጠኝ፣ ከሁሉ በፊት ደስ ያለኝ ያችን ጥያቄ አለመስማቴ ነው።

የዝግባ ጣቢያ ከሁሉም አስቸጋሪው ነበር። ከኮረብታው ወዲያ ባለው ሸለቆ ሞባይል አይይዝም፤ እዚያ ያለው ጤና ጣቢያ አምቡላንስ የሚጠራበት ስልክ በእኛ ሬዲዮ ላይ የተንጠለጠለ ነው። ሁሉንም የሚያገናኘው ራውተር ደግሞ አመለኛ ነበር፤ በሁለት በሦስት ሳምንት ድርቅ ይላል። መድኃኒቱ አጥፍቶ ማብራት ብቻ ነው። ለዚያች ለአንዲት ማጥፋትና ማብራት እስከ ቡሬ በሚኒባስ፣ ከቡሬ እስከ መገንጠያው በባጃጅ፣ ከዚያ ዳገቱን በእግር። ግማሽ ቀን ይሄዳል። የጣቢያው ጥበቃ ለምን አያጠፋውም የሚል ይኖራል። ሌላ ጣቢያ ላይ አንድ ጥበቃ ልርዳ ብሎ የባትሪ ገመድ ነቅሎ ዕቃ አቃጥሎብን ነበር። ከዚያ ወዲህ በየጣቢያው በር ላይ «ጥበቃ ዕቃ አይነካም» የሚል ወረቀት ለጥፌያለሁ። የጻፍሁት በራሴ እጅ ነው፣ በትልልቁ።

የዝግባ ጥበቃ አያ አላምረው ይባላሉ። ወገናቸው ከአዊ ነው፤ ከኮረብታው ሥር ያርሳሉ፣ ላይ ይጠብቃሉ። ዝምተኛ ሰው ናቸው፤ ሲናገሩም ዙረው ዙረው ነው። ራውተሩን «ሰውዬው» ይሉታል።

ኋላ ኮንሶል ሰርቨር የሚባለው ዕቃ መጣልን። ለማያውቅ ሰው እንዲህ ብዬ ነው የማስረዳው። እያንዳንዱ ዕቃ ሁሉ የሚገባበት የፊት በር አለው፤ ለባለሙያ ብቻ የተተወች የጓሮ በርም አለችው። ዕቃው ሲታመም የፊቱ በር ይዘጋል። ኮንሶል ሰርቨሩ የየዕቃውን የጓሮ በር ገመድ አንድ ላይ ይሰበስባል። የራሱ ሲም ካርድ ስላለው እኔ ፍኖተ ሰላም ተቀምጬ በሌላ መንገድ እገባና ከታመመው ዕቃ ጋር እነጋገራለሁ። ጭራሽ ካልመለሰልኝ ደግሞ ከሥሩ ስምንት ሶኬት ያለው፣ በየሶኬቱም ትንሽ መብራት ያለበት ማከፋፈያ አለ። አራትን አጥፋ ብዬ ስጽፍ አራተኛዋ ትጠፋለች፤ አብራ ስል ትበራለች። ራውተሩን የሰካነው አራተኛዋ ላይ ነው። እግሬ ከዳገት ሊገላገል ሆነ ብዬ እልል ማለት ነበር የቀረኝ።

ተከላው ሁለት ቀን ፈጀ። መጀመሪያ ከራውተሩ የሚመጣው ጽሑፍ የቁራ ጭረት ሆነብኝ፤ ሁለቱ ዕቃዎች የሚነጋገሩበት ፍጥነት አንድ አልነበረም። እሱን አስተካከልሁ። ገመዶቹን በቀለም ክር አሰርኋቸው። ሶኬቶቹን በቁጥር ብቻ ሳይሆን በስም መዘገብሁ፤ መብራት ጠፍቶ ሲመጣም ሁሉም ባንዴ ተነሥተው ባትሪውን እንዳይጥሉት ተራ በተራ እንዲበሩ አደረግሁ። ስሞክር ሳላስበው አንደኛዋን አጠፋሁ። እሷ ለካ የራሴን መግቢያ ሲም ካርድ የምታበራው ናት፤ ራሴን በራሴ ውጭ ቆለፍሁ። አያ አላምረው አፋቸውን በነጠላቸው ይዘው ሲስቁ አየሁ። ወዲያው አንደኛዋን በምንም ትእዛዝ እንዳትጠፋ አሰርኋት። የመደርደሪያው ብረት አልገባ ብሎን ደግሞ በግራይንደር ቆረጥነው፤ ለግራይንደሩ ቅርብ ያገኘሁት ሶኬት አራተኛዋ ስለነበረች ራውተሩን ለጊዜው ነቅዬ እሷ ላይ ሰካሁት። ብረቱን ቆርጠን ጨረስን፣ መደርደሪያውን ገጥመን ራውተሩንም መልሰን ሰካነው።

«ልጄ፣ ይቺ ትንሿ መብራት ስትጠፋ ሰውዬው ይተኛል ማለት ነው?» ብለው አያ አላምረው ጠየቁኝ።

«አዎ አያ። እኔ አቡነ ዘበሰማያት ደግሜ ስጨርስ መልሳ ትበራለች፤ እሱም ይነቃል።»

«አንድ ጊዜ ደግመሽ?»

«አንድ ጊዜ» አልኋቸው፤ ነገሩ ስለ ጣማቸው ደስ አለኝ።

ምርቃቱ የተደረገው ፍኖተ ሰላም ቢሮዬ ውስጥ ነው። ከዞን የመጡ እንግዶች አሉ፣ ኃላፊያችን አለ፣ ጠረጴዛው ላይ ለስላሳ ተደርድሯል። አያ አላምረው ኮረብታው ላይ የጣቢያውን ሞባይል ስልክ ይዘው ቆመዋል፤ ድምፃቸው ለሁሉም እንዲሰማ አድርጌያለሁ። አራትን አጠፋሁ።

«አያ አላምረው፣ ጠፋ?»

ዝም አሉ። ዝምታው ረዘም ብሎብኝ እንግዶቹን ፈገግ ብዬ አየሁ። ከዚያ «ጠፍቷል ልጄ» አሉ። ጸሎቴን በልቤ ደገምሁ፣ አበራሁ፣ ራውተሩ ሲነቃ የሚጽፈው ጽሑፍ ስክሪኑ ላይ ወረደ። ቤቱ በጭብጨባ ተናወጠ። በሳምንቱ ለአያ አላምረው ጋቢ ገዝቼ ወጣሁ። ሲቀበሉኝ ዓይን ዓይኔን አላዩም፤ ትሕትና ነው ብዬ አለፍሁት።

ሦስት ዓመት እንዲህ ሠራሁ። ራውተሩ ሲደርቅ አጠፋለሁ፣ አበራለሁ፤ ሻይዬ ሳይቀዘቅዝ ሸለቆው ይገናኛል። አንድ ነገር ብቻ ልብ ብያለሁ። ሌሎች ጣቢያዎች አጥፋ ስላቸው እዚያው ይጠፋሉ፤ ዝግባ ግን ትንሽ ትዘገያለች። አንዳንዴ ትእዛዙን ሁለት ሦስት ጊዜ እደግማለሁ። በማስታወሻዬ ላይ «የዝግባ መስመር ዘገምተኛ ነው» ብዬ ጽፌያለሁ። ጋሼ ቢያዝን ቢኖሩ ምን ብለው እንደሚጠይቁኝ አውቃለሁ። አልነበሩም፤ እኔም ራሴን አልጠየቅሁም።

ከዚያ ኃላፊያችን ተለወጠ። አዲሱ ከእኔ የሚያንስ፣ ጨዋ ሰው ነው። «እትዬ ጥሩዬ፣ ሁሉን ከዚህ የሚቆጣጠሩት ከሆነ ጣቢያዎቹ ላይ ሰው ምን ያደርጋል?» አለኝ። አንድ ገጽ ጻፍሁ። ዝግባ በርቀት በሚገባ ስለሚሠራ ሰው አያስፈልገውም አልሁ። በሥራዬ ኮርቼ ነው የጻፍሁት፤ የሰው እንጀራ መሆኑን አላጣሁትም፣ ግን ኩራቱ በለጠብኝ።

ቁልፉንና ስልኩን ልቀበል፣ የአጥሩንም ቁልፍ በአዲስ ልቀይር የወጣሁት እኔው ነኝ። አያ አላምረው ቅር አላቸው እንጂ አልተቆጡም። ቁልፉን በሁለት እጃቸው ሰጡኝ። ትንሽ ሄድ ካሉ በኋላ ተመለሱ።

«ልጄ፣ እኔስ ልሂድ። ይቺን አራተኛዋን ግን ሰው ይያት።»

«እኔ አያታለሁ አያ፣ ከፍኖተ ሰላም» ብዬ ሳቅሁ።

«እሱማ አንቺ ታያለሽ» አሉና አንገታቸውን ደፍተው ወረዱ። ስለምን እንደተናገሩ አልጠየቅሁም። ሽማግሌ የለመደው ቦታ ይናፍቀዋል ብዬ ነው ያሰብሁት።

አንድ ወር እንኳ አልሞላም። ጠዋት ቢሮ ስገባ ዝግባ ደርቃ አገኘኋት። እንደ ልማዴ በጓሮ በር ገባሁ፣ አራትን አጠፋሁ፣ ደገምሁ፣ አበራሁ። ስክሪኑ ላይ ምንም የለም። ራውተሩ አልነቃም። እንደገና። ማከፋፈያው «ጠፍቷል» ይለኛል፣ «በርቷል» ይለኛል፤ ራውተሩ ግን እንደ ደረቀ ነው። ጸሎቱን ስደጋግመው ቃሉ ተምታታብኝ። ራውተሩ ተቃጥሏል ብዬ መለዋወጫ መኪና ላይ ጫንሁና ሾፌሩን ቶሎ በል አልሁት። 

ኮረብታው ላይ ስንደርስ አያ አላምረው አጥሩን በሁለት እጃቸው ጨብጠው ቆመዋል። ከአጥሩ እስከ ዕቃ ቤቱ ጥቂት እርምጃ ነው፤ በሩም አየር እንዲያስገባ ወንፊት ሽቦ ስለሆነ ውስጡ ይታያል። ሰላምታ እንኳ አላቀረብሁም።

«አያ፣ እዚህ ምን ያደርጋሉ?»

ዞር አሉ። ፊታቸው ዐመድ መስሏል።

«ስታጠፊ ስታበሪ አየሁሽ ልጄ» አሉኝ። «አሥራ አንድ ጊዜ። አራተኛዋ ትጠፋለች፣ ትበራለች። እጄ ግን አልደረሰም።»

ምን እንደሚሉ አልገባኝም። የአጥሩንም የዕቃ ቤቱንም በር ከፈትሁ። ከእኔ ቀድመው ገቡ፤ ሲያልፉኝ ይቅርታ እንኳ አላሉም፤ እንዲህ አድርገው አያውቁም። ተንበርክከው ሳይፈልጉ፣ ሳይዳብሱ፣ አራተኛዋን ሶኬት ነቀሉ። የራውተሩ መብራቶች ባንዴ ጠፉ። ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። አቡነ ዘበሰማያት ነው የሚደግሙት። ሲጨርሱ መልሰው ሰኩ። ራውተሩ ነቃ። መለዋወጫው እቅፌ ውስጥ እንዳለ ቀረ።

«ይህን ማን አስተማረዎ?» አልሁ። 

«አንቺ ነሽ። አንድ ጊዜ ደግመሽ ትበራለች አላልሽኝም?»

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ከምርቃቱ ዕለት።»

የባትሪው ሣጥን ላይ ተቀመጥሁ። ቀስ ብለው ነገሩኝ። የምርቃቱ ዕለት ትንሿ መብራት ጠፋች፤ ሰውዬው ግን አልተኛም። በስልኩ ውስጥ የእንግዶቹን ጉርምርምታ ይሰማሉ፣ እኔ «ጠፋ?» እያልሁ እጠይቃለሁ። በሩ ላይ የጻፍሁትን አዩት፣ ስልኩን በትከሻቸው ያዙና ነቀሉ። ከዚያ ወዲህ ሸለቆው ስልክ ዝም ባለ ቁጥር ሰው ሮጦ እሳቸው ዘንድ ይመጣል። ገብተው አራተኛዋ ፊት ይቆማሉ። እኔ ሳጠፋ ይነቅላሉ፣ እኔ ሳበራ ይሰካሉ።

«ሦስት ዓመት?»

«ሦስት ዓመት። ቀብር የሄድሁ እንደሆነ ባለቤቴ ትቆማለች። እሷም ለምዳዋለች።»

 ያ ሻይ ሳይቀዘቅዝ የምለው፣ ያ ዘገምተኛ መስመር፣ ከአጥሩ በር እስከ ሶኬቱ የሚራመዱ የሽማግሌ እግሮች ነበሩ። ያቺን አንድ ገጽ የጻፍሁት በእሳቸው እጅ ሥራ ኮርቼ፣ እሳቸውኑ ላባርርበት ነው። ለምን አልነገሩኝም ብዬ ለመጠየቅ አፌን ስከፍት ለቅሶዬ ቀደመኝ።

«ምን ብዬ ልንገርሽ?» አሉ እንደገባቸው ሆነው። «ያን ሁሉ ትልልቅ ሰው ሰብስበሽ፣ ጭብጨባውን በጆሮዬ ሰምቼ፣ ዕቃሽ አይሠራም ልበልሽ? ፊትሽን እንዴት ልየው? ደግሞ ደንብ አፍርሻለሁ። ነገ እነግራታለሁ ስል ጋቢ ይዘሽ መጣሽ። ከዚያማ በምን አፌ።» ቀጥለው ደግሞ፣ «ቁልፉን ስሰጥሽ ነግሬሽ ነበር» አሉ።

ነግረውኝ ነበር። በሀገራችን ወግ፣ ሽማግሌ ሰውን ሳያሳፍር እንደሚናገረው አድርገው ነግረውኛል። እዚሁ ተወልጄ አድጌ አልሰማኋቸውም።

ያን ጊዜ ነው ሌላውን የነገሩኝ። ከሸለቆው ጤና ጣቢያ ጠዋት ሰው ሮጦ መጥቶ ነበር። ምጥ የያዛት ሴት ደም እየፈሰሳት ነው፣ አምቡላንስ ሊጠራ ስልኩ ዝም ብሏል። አያ አላምረው መልእክተኛውን ወደ አስፋልቱ ወርዶ ቡሬ እንዲደርስ ልከው እሳቸው ሮጠው ወደ ላይ ወጡ። ቁልፉ አዲስ ነው። ስልክም የላቸውም፣ እኔ ተቀብያቸዋለሁ።

«ድንጋይ አንሥቼ ነበር» አሉኝ መሬት መሬት እያዩ። «ቁልፉን ልመታው። ዕድሜዬን የጠበቅሁትን በር እኔው ሌባ ሆኜ ልስበር ወይ አልሁ። መልሼ አስቀመጥሁት።»

ድንጋዩ ከአጥሩ በር ሥር ነበር። አየሁት።

መልእክተኛው በእግር ደርሶ አምቡላንሱ ሄደ፤ ግን ዘግይቶ ነው። እናትየዋ ተረፈች። ልጁ አልተረፈም።

ማከፋፈያውን ፈትቼ ሳየው የአራተኛዋ ውስጠኛ ምላስ ቀልጦ ተጣብቋል፤ ትእዛዙ ይደርሳል፣ ትንሿን መብራት ያጠፋል፣ ኤሌክትሪኩን ግን አይቆርጥም። ሌሎቹ ሰባቱ ደህና ናቸው። ፋብሪካውን ልራገም ስል ግራይንደሩ ትዝ አለኝ። ከዚያች ሶኬት አቅም በላይ ኤሌክትሪክ የሚስብ ዕቃ የሰካሁባት እኔ ነበርሁ፣ በገዛ እጄ። ወለሉ ላይ ቁጭ እንዳልሁ ሾፌሩ መጥቶ እስኪያነሣኝ ድረስ አልተነሣሁም።

ኃላፊያችን አዘነልኝ። «እትዬ ጥሩዬ፣ የዕቃ ብልሽት ብለው ይጻፉና ይዝጉት። ጡረታዎ ደርሷል፣ ስምዎን ይዘው ይውጡ» አለኝ። ክፋት አልነበረበትም። ነገር ግን የዕቃ ብልሽት ካልሁ ሌላ ዕቃ ይገዛል፣ አያ አላምረው ግን እንደ ወጡ ይቀራሉ፤ ሦስት ዓመት ሸለቆውን ያገናኙት ሰው አያስፈልጉም የሚለው ወረቀት እንደ እውነት ፋይል ውስጥ ይኖራል። ሁሉንም ጻፍሁት፤ ግራይንደሩን፣ ጭብጨባውን፣ ያቺን አንድ ገጽ። ከአያ አላምረው ላይ ያወረድሁት ነገር ቢኖር ደንብ አፈረሱ የሚለውን ጥፋት ብቻ ነው። የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጠኝ፣ ተቀበልሁ። የጥበቃው መደብ እስኪከፈት ብዙ ወር ፈጀ፤ በየሳምንቱ ቢሮው ደጅ እየቆምሁ ሰለቸኋቸው። አያ አላምረው ሲመለሱ በሩ ላይ ያለውን ወረቀት በጥፍሬ ፋቅሁት።

ወደ አዴት ደውዬ ለጋሼ ቢያዝን ነገርኋቸው። «ማን አየው?» ይሉኛል ብዬ ፈርቼ ነበር። አላሉም። እስከ መጨረሻው ሰሙኝ፤ ያችን ጥያቄ አለመስማቴ ከመስማቴ የባሰ ነበር።

እናትየዋን ሄጄ ለማየት ሁለት ወር ፈጀብኝ። አያ አላምረው ይዘውኝ ሄዱ። ጥፋቱ የእኔ እንደሆነ ነገርኋት። ረጅም ጊዜ አየችኝና «ስልኩ ዝም ሲል ነው እንደማይተርፍ ያወቅሁት» አለች።  ይቅር በይኝ የሚባለው ቃል አፌ ላይ አልመጣ አለ።

የመጨረሻው የሥራ ቀኔ ስንብት ተብሎ እዚያው ቢሮ ተደረገ። ለስላሳው ተደርድሯል፤ ከዞንም ያው የዱሮዎቹ እንግዶች መጥተዋል። አዲሱን ማከፋፈያ እንዳሳያቸው ጠየቁኝ። አያ አላምረው ኮረብታው ላይ ስልክ ይዘዋል፣ ድምፃቸው ለሁሉም ይሰማል። ዓይኔ እንባ ሞልቶ ነበር፤ ጻፍሁ፣ ትእዛዙን ሰጠሁ። ስክሪኑ «ጠፍቷል» አለኝ።

«አያ አላምረው፣ ጠፋ?»

ዝም አሉ። ያንኑ ዝምታ አወቅሁት።  አሁን ሄደው ይነቅሉታል አልሁ በልቤ፤ ዛሬም ለእኔ ሲሉ ይነቅሉታል።

«አልጠፋም ልጄ» አሉ። «ተሳስተሻል። የጠፋችው አምስተኛዋ ናት፣ ባዶዋ።»

 ኃላፊያችን ደንግጦ ስልኩን ሊያነሣ እጁን ዘረጋ፤ ያዝሁት።

«ማን አየው?» አልሁ።

«እኔ ነኛ። እጄን አስጠግቼ ትንፋሹን አይቻለሁ። ሰውዬው አልተኛም።»

እንባዬን ጠርጌ አራትን አጠፋሁ። «አሁን ጠፋ» አሉ። ስክሪኑን አላየሁም፤ እሳቸውን አመንሁና ጸሎቴን ጀመርሁ።